በጠሐዩ ጠ

ሰው በድንበር ይጣላል፣ በውርስ ይጣላል፣ በሚስትም ይጣላል። ፀዳና ጠዳ የምንጣላው ግን በአንድ ፊደል ነው። ፀዳ ከጎንደር ወጣ ብሎ አዘዞ ጥግ ላይ ያለ ሰፈር ነው። ጠዳ ደግሞ አዘዞን አልፎ በባሕር ዳር መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ናቸው የሚል ሰው አለ፤ ካርታ የሚሠሩ ሰዎች ሳይቀሩ አንዳንዴ አንድ ያደርጓቸዋል። እንዲህ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትከራከሩት። አንድ እሑድ ኳስ ሜዳ ይዛችሁት ኑና በሁለታችን ደጋፊ መሀል አቁማችሁት እዚያ ይድገመው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ልዩነቱ ያለው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። በእኛ አገር አፍ ፀሐይ ጠሐይ ናት፣ ፀጉር ጠጉር ነው፣ ጸሎትም ጠሎት ነው። ከላይ ሆኖ የሚሰማንም ለምዶን ይሆናል፣ አንድም ቀን አልገባኝም ብሎ አያውቅም። ስለዚህ እኛ ፀዳዎች ለቡድናችን ስንጮህ «ጠዳ፣ ጠዳ» ነው የምንለው። ጠዳዎችም ለቡድናቸው ሲጮሁ «ጠዳ፣ ጠዳ» ነው የሚሉት። ከሩቅ የሚሰማ መንገደኛ ይኼ ሁሉ ሕዝብ ለአንድ ቡድን ሲጮህ፣ ያ ሌላው ምን በድሎ ነው ደጋፊ ያጣው ብሎ ማዘኑ አይቀርም።

እኔ ፀዳ መንገድ ዳር ጨርቅ እሸጣለሁ። አባቴም ጨርቅ ሻጭ ነበር፣ አያቴም። ከዘሬ የተለየ ነገር ሠራሁ ከተባለ ኳስ መውደዴ ነው። መጫወቴን እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ ሰው ጎድሎ አስገቡኝና ኳሷን ስመታት ጫማዬ ግብ ገባ፣ ኳሷ እዚያው ቀረች። ከዚያ በኋላ ጨርቅም ታውቃለህ፣ ጫማህም ግብ ያገባል ብለው የትጥቅ ኃላፊ አደረጉኝ።

ፀዳ ተወልጄ ኳስ ስወድ፣ ከጠዳ ደግሞ ልጅ ወደድሁ። ዘይነብ ትባላለች። ጎንደር ካለው ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ጠዳ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። መጀመሪያ ያየኋት ለትራስ የሚሆን ጨርቅ ልትገዛ ሱቄ የመጣች ጊዜ ነው። ሦስት ሜትር ጠይቃኝ ፊቷን እያየሁ አምስት ሜትር ቆረጥሁ። «የናንተ አገር ሜትር ረጅም ነው» ብላኝ ጨርቁን አጣጥፋ ሄደች። እኔም ያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘጋሁ፤ ሌላ ደንበኛ ቢመጣ ጣቃውን ሁሉ ቆርጬ እጨርሰው ነበር።

አባቷ ሐጂ ኑሩ እህል ነጋዴ ናቸው። ከዚያ የሚብሰው ግን የጠዳ ቡድን ሰብሳቢ መሆናቸው ነው። ሐጂ ኳስን እንደ ልጃቸው ይወዳሉ የሚል ሰው ቢነግራችሁ አትመኑት፤ ትንሽ አብልጠው ነው የሚወዱት። የእኛ ቡድን ሰብሳቢ ደግሞ መሪጌታ ይሁኔ ናቸው። መሪጌታ ቅኔ ያስተምራሉ። ሜዳ ዳር ሲቆሙ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ዳኛ ሲበድለን በግእዝ ይረግሙታል፣ ዳኛው ምርቃት መስሎት አሜን ይላል።

ሁለቱ ሽማግሌዎች የልጅነት ጓደኞች ናቸው። አንዱ ሲታመም ሌላው አልጋው ጫፍ ተቀምጦ የተሸነፉበትን ጨዋታ እያነሳ ያናድደዋል። በንዴት የሚድን በሽታ መኖሩን ያወቅሁት ከእነሱ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ሁለቱ ቡድኖች ለዋንጫ ይገናኛሉ፤ ከጨዋታው በኋላ ሁሉም አብሮ ይበላል። በጉ ሁለት ነው። አንዱን የእኛ ሰው ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፣ አንዱን የእነሱ ሰው በስመ አብ ብሎ። ድንኳኑ ግን አንድ ነው፤ በድንኳኑ ውስጥ የተሸነፈው ቡድን ሰብሳቢ ውሃ ይዞ የአሸናፊውን ሰብሳቢ እጅ ያስታጥባል። መሪጌታ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ያስታጥባሉ። ፀዳ ሲያሸንፍ አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ዘይነብን ለማግባት ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ። የሽማግሌዎቹ አለቃ እንዲሆኑልኝ መሪጌታን ለመንኋቸው። ሙስሊም ልጅ መሪጌታ ላከ ብሎ የሚደነቅ ካለ ጎንደርን አያውቅም። ሐጂ ኑሩ ለገዛ ወንድማቸው እምቢ ሊሉ ይችላሉ፣ ለመሪጌታ ግን እምቢ ብለው አያውቁም። መሪጌታም እሺ አሉኝ። ከዋንጫው ጨዋታ ቀጥሎ ባለው እሑድ ልንሄድ ቀጠሮ ያዝን። ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች እስከዚያ እሑድ ሳይቀያየሙ እንዲቆዩልኝ።

ይህን ያህል ቀላል ነገር ማበላሸት ችሎታ ይጠይቃል።

የዘንድሮውን ዋንጫ የሚያዘጋጀው ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ አንድ ወጣት የስፖርት ባለሙያ ነበር። ስሙን ደረቱ ላይ ያልጻፈ ቡድን ሜዳ አይገባም ብሎ አስታወቀ። የእኛ ማልያ ደግሞ ታጥቦ ታጥቦ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ስም ያልወጣለት ቀለም ሆኗል። አዲስ ማልያ ባሕር ዳር ካለ ማተሚያ ቤት እንዳዝዝ ተወሰነ። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ሱቄ ድረስ መጡ። ወንበር ብሰጣቸው ቆመው ማስተማር ጀመሩ።

የሰፈራችን ፀ የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ ወይ አሉኝ። ሁለት አለ አሉ። አንዱ የጸሎቱ ጸ፣ አንዱ የፀሐዩ ፀ። የእኛ የፀሐዩ ነው፤ በጸሎቱ ከተጻፈ ትርጓሜው ይፋለሳል፣ እኔም ሜዳ አልገኝም አሉ። ቀጥለው ይህን ፊደል አሳስቶ የጻፈ አንድ ተማሪ በጉብዝናው ዘመን የደረሰበትን እያነሱ ቆዩ፤ ጨርቅ ሊገዙ የመጡ ሁለት ሴቶች ተማሪውን አዝነውለት ሳይገዙ ሄዱ። እውነት ለመናገር እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለት መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ካወቅሁ በኋላ ግን ሌላ ነገር አልታይህ አለኝ። በእንቅልፌ ጭምር ፍርሃቴ ያ የጸሎቱ ጸ ነበር።

በማግስቱ ማተሚያ ቤቱ ደወልሁ። ድምጿ ለስላሳ የሆነ ልጅ አነሳችና ቀለሙን፣ ልኩን፣ ቁጥሩን ሁሉ ጠይቃኝ መጨረሻ ላይ ስሙ ላይ ደረሰች።

«ቡድኑ ማን ይባላል?»

«ጠዳ።»

«በየትኛው ነው የሚጻፈው?»

ይኼኔ መሪጌታ ትዝ አሉኝ። ቃሉን ቀስ አድርጌ፣ አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ «በጠሐዩ ጠ ነው» አልኋት። «አደራ፣ በጠሎቱ እንዳታደርጊብኝ።»

«በጠ ነው፣ አይደል?»

«በጠ ነው። ትልቅ አድርጊው።»

ስልኩን ዘግቼ አልሐምዱሊላህ አልሁ። ከድጡ ወደ ማጡ የሚሉት ይህን ነው። ከጸ ስሸሽ ጠ ውስጥ ገብቼ፣ ገብቼም ትልቅ አስደርጌ።

ማልያው የደረሰው በጨዋታው ቀን ጠዋት ነው። አውቶቡሱ ዘግይቶ ገባና ጥቅሉን ተሸክሜ በቀጥታ ሜዳ ሄድሁ። ተጫዋቾቹ ከበቡኝ፤ የፈታው በረኛችን ፈንቴ ነበር። ማልያው ቢጫ ነው፣ ጽሑፉ ቀይ ነው፣ ጨርቁም እኔ ነጋዴው የምመሰክርለት ጨርቅ ነው። ፈንቴ አንዱን ዘርግቶ አየና «ሸጋ ነው። ግን የእነሱን ነው የላኩልን» አለ።

ደረቱ ላይ፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ፣ «ጠዳ» ይላል።

ማተሚያ ቤት ደወልሁ። ልጅቷ በዚያው ለስላሳ ድምጿ፣ በጠሐዩ ጠ ብለውኛል፣ ጠሐይ ሌላ በምን ይጻፋል ብላ መልሳ ጠየቀችኝ። ለካ እሷም የእኛው አገር ሰው ናት። መልስ ስላልነበረኝ አመስግኜ ዘጋሁ።

መሪጌታ መጡ። ማልያውን አንሥተው አነበቡ። መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁና አነበቡ። ምንም አላሉም። መሪጌታ ዝም ሲሉ በጣም መጥፎ ነው፤ የሚሉትን በግእዝ እያዘጋጁ ነው ማለት ነው። የተረፈው ሰው ግን ዝም አላለም። ሴራ ነው አሉ። ጠዳ ልጅ ወድዶ የለም ወይ አሉ። ላማቱ ሀገር ሸጠን የሚል ድምፅም ከኋላ ሰማሁ። አማቴ ገና አማቴ አልሆኑም ብዬ ልመልስ ብዬ፣ በዚህ አያያዝ መቼም እንደማይሆኑ ታየኝና ተውሁት።

መላ መፈለግ ጀመርን። መጀመሪያ ወፍራም ቀይ እስክሪብቶ አምጥተን የጠን ሦስት እግሮች ከሥር በአንድ መስመር ዘጋናቸው። ተጋድሞ የተኛ ፀ ይመስላል ብዬ መሪጌታን አሳየኋቸው። «ይኼ ፊደል አይደለም፣ መስኮት ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ መጋረጃ ብቻ ነው የቀረው። ቀጥሎ ማልያውን ገልብጠን እንልበስ አልን። ጽሑፉ ጨርቁን ዘልቆ በጀርባው በኩል ይታያል፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሲነበብ «ዳጠ» ይላል። ዳጠ ጥሩ ነው፣ ድል አለበት፣ እንዲያውም ከስማችን ይሻላል አለ ፈንቴ። መሪጌታ ግን «ማን ማንን ዳጠ? ባለቤት የሌለው ግሥ ነው» ብለው ሰዋስው ውስጥ ገቡ። እኛ በግሡ ስንከራከር የስፖርት ባለሙያው መጣና ቁጥር የማይታይበት ማልያ አይፈቀድም ብሎ ገላገለን።

የቀረው መሸፈን ነበር። ዘይነብ ለጠዳ ቡድን የመጀመሪያ ዕርዳታ ልትሰጥ ቦርሳዋን ይዛ ከወዲያኛው ዳር ተቀምጣለች። ሜዳውን አቋርጬ ሄድሁና ያለሽን ፕላስተር ሁሉ ስጪኝ አልኋት። ማን ተጎዳ አለች። እስካሁን ማንም፣ ከቆየሁ ግን እኔ ብዬ ነገሩን ነገርኋት። አንዴ ማልያውን አየች፣ አንዴ እኔን አየች።

«ስማችንን እንደ ቁስል በፕላስተር ልትሸፍኑት?»

ምን ልበላት። እሷም ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችና ጥቅሉን አውጥታ ሰጠችኝ። በዚያች ደቂቃ የያዘኝን ፍቅር ለመግለጽ ጊዜ አልነበረኝም፤ አሥራ አንድ ደረት ላይ ፕላስተር መለጠፍ ነበረብኝ። ቡድናችን «ዳ» ሆኖ ሜዳ ገባ።

ፕላስተር ለቁስል እንጂ ለላብ አልተሠራም። ጨዋታው በተጀመረ በጥቂት ጊዜ መላጥ ጀመረ። አንዱ ሲሮጥ ይወድቅበታል፣ አንዱ ኳስ በደረቱ ሲያበርድ ከኳሷ ጋር ተጣብቆ ይሄዳል። ዕረፍት ሲወጡ ሁሉም ጠ ብቅ ብሏል። ሐጂ ኑሩ ከወዲያኛው ዳር በከዘራቸው እየጠቆሙ ያነባሉ። ከጎናቸው ላለው ሰው ምን እንዳሉት በኋላ ሰማሁ፤ እኛን ለመምሰል ይኼን ያህል ከደከሙ ምነው ድሮ አልጠየቁንም ብለው ነበር።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ነፋስ ተነሣ። የእነሱ ማልያ ብርቱካናማ ነው፣ የእኛ ቢጫ፤ አቧራው ሁለቱንም አንድ ቀለም አደረጋቸው። አንድ ለአንድ ነን። ደጋፊው ሁሉ «ጠዳ፣ ጠዳ» ይላል። ተጫዋቾቹ ሁሉ ደረታቸው ላይ ጠዳ ተጽፏል። የእነሱ ተከላካይ ኳስ ይዞ ዓይኑ ውስጥ ላብና አቧራ ገብቶበት ዘወር ሲል፣ ፊት ለፊቱ ጠዳ የሚል ደረት እጁን ዘርግቶ «ጠዳ» እያለ ይጠራዋል። ሰጠው። ያ ደረት የእኛ አጥቂ ነበር። ኳሷን ተቀብሎ ዞረና መታ፣ ገባች።

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሜዳው በሙሉ ተነሥቶ ጨፈረ፤ እነሱም ጠዳ ብለው፣ እኛም ጠዳ ብለን። እነሱ ያገባው የእነሱ ሰው አለመሆኑን አውቀው እስኪቀመጡ ድረስ ጥሩ ጊዜ አሳለፉ። ብዙም ሳይቆይ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ፀዳ አሸነፈ። መሪጌታ መነጽራቸው ሥር በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። በቃ፣ ማልያውን ይቅር አሉኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ የስፖርት ባለሙያው ማይክራፎኑን ያዘ። ልብ በሉ፣ በዚያ ሜዳ ላይ ፀን ፀ ብሎ መጥራት የሚችል ሰው እሱ ብቻ ነው። አሸናፊዎቹ ደረት ላይ የተጻፈውን አየና፣ ጥርት አድርጎ፣ «የዘንድሮው ዋንጫ አሸናፊ፣ ጠዳ» አለ። «የቡድኑ ሰብሳቢ ይምጡና ይቀበሉ።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ ሐጂ ኑሩ ተነሥተው ሄደዋል። ስሙ ተጠርቶ የማይነሣ ሰው ወይ ደንቆሮ ነው ወይ ኩሩ ነው፣ እኔ ሁለቱንም አይደለሁም እያሉ ዋንጫውን ተቀበሉና በኩታቸው ጠቀለሉት። መሪጌታ ሮጠው ደረሱ። ይኼ ምን ዓይነት ድፍረት ነው አሉ። ሐጂ ግን ተዘጋጅተው ነበር።

«ይሁኔ፣ ግቡን ማን አገባው? የእኔ ልጅ ኳሷን የሰጠው ስማችንን አይቶ ነው። ስማችን ባይኖር ግብ የለም። ስሙ የማን ነው? ዋንጫውም የእሱ ነው።»

ባለቅኔው መሪጌታ ይሁኔ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ድንኳኑ ሄዱ። ይህን ያየ የፀዳ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ድንኳን ውስጥ ደግሞ የባሰው መጣ። ሁለቱም ሰብሳቢዎች አሸናፊ ነን ባይ ስለሆኑ ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ማስታጠቢያው መሀል ላይ ቆሟል፣ የሚያፈስ የለም። ወጡ እየቀዘቀዘ፣ እጅ እንደተዘረጋ፣ ሰው ሁሉ ማስታጠቢያውን ያያል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ተነሥተው እያንዳንዳቸው በገዛ እጃቸው ከቧንቧ ታጥበው መጡ፤ ጎን ለጎን ሳይሆን ጥግና ጥግ ተቀመጡ። የሁለት ሰው ዕድሜ ወዳጅነት በአንዲት ፊደል ጥግና ጥግ ተቀመጠ። እኔ በጉን አልቀመስሁም። አልበላልህ አለኝ።

ማታውን መሪጌታ ሱቄ መጡና ለሽምግልናው ሌላ ሰው ፈልግ አሉኝ። የሌባ ደጅ አልረግጥም አሉ። ለመንሁ፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፣ እናቴም መጥታ ለመነች። እምቢ አሉ። እናቴ ቤት ገብታ እንዲህ ያለ ዕዳ የሆነ ልጅ መውለዷን ለጎረቤት ስታማርር ሰማሁ፤ እኔም ከጎረቤት ጋር ሆኜ አዘንሁላት።

ሐሙስ ቀን ግን መሪጌታ ራሳቸው ተመልሰው መጡ። ፊታቸው በርቷል። እሑድ እንሄዳለን አሉ። ምን ተገኘ ስላቸው፣ ሐጂ ዋንጫውን ሳሎናቸው ቁም ሣጥን ላይ እንዳስቀመጡት ሰምቻለሁ አሉ። የእኔ ሽምግልና ወደ ዋንጫው የሚያስገባ በር ሆነ ማለት ነው። ነገሩ ገብቶኛል፣ ግን ምን አማራጭ አለኝ። በር ነው፣ ይግቡበት አልሁ።

በእኛ ወግ ሽማግሌ ሲላክ ልጁ አብሮ አይሄድም። ሾፌር ግን አይከለከልም። እሑድ ሦስቱን ሽማግሌዎች ጨርቅ በማመላልስበት ባጃጄ ጭኜ ወደ ጠዳ ነዳሁ። መሪጌታ አሉ፣ ጆሮው የደከመው አጎቴ አለ፣ የበረኛችን የፈንቴ አባት አያ ደሴም አሉ። ሐጂ በር ላይ ስንደርስ መሪጌታ እኔን እያዩ ሳይሆን አየሩን እያዩ «ልጁ አልመጣም፣ ይኼ ሾፌር ነው» አሉ። እሺ አልሁ። ከዚያ በኋላ የለሁም።

ገቡ። እኔ ከአጥሩ ውጭ ባጃጄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን ጨረስሁ። ብዙም ሳይቆዩ ሦስቱም ተመልሰው ወጡና ባጃጁ አጠገብ ቆሙ። ተባረሩ ብዬ ደነገጥሁ። ሊመክሩ ነው የወጡት። የሚመክሩበትን ከንግግራቸው ሰማሁ። ሐጂ ኑሩ ጥያቄያቸውን አዳምጠው ሲያበቁ እንዲህ ብለዋቸዋል፦ ወይ ዋንጫውን ውሰዱ፣ ወይ ልጄን ውሰዱ። ሁለቱን ባንድ ቀን ካወጣሁ ቤቴ ባዶ ይቀራል። ምረጡ።

ይህ ጥያቄ ለአንድ ደቂቃ እንኳን ምክር የሚያስፈልገው አይመስለኝም ነበር። ሽማግሌዎቼ ግን ይመክሩበት ጀመር።

አጎቴ ምርጫው ምን እንደሆነ ደግመው እንዲነግሩት ጠየቀ። ሲነገረው የልጅቷን ዕድሜ ጠየቀ፣ ቀጥሎ ዋንጫው ከምን እንደተሠራ ጠየቀ፣ ከዚያ ሁለቱም ደህና ናቸው አለ። አያ ደሴ መሬቱን በዱላቸው እየጫሩ «ልጃገረድስ አላህም እግዜርም በየዓመቱ ይፈጥራል፤ የእኛ ዋንጫ ግን እኔ ከተወለድሁ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ። አሳለኝ። ሆን ብዬ ሳልሁ። መሪጌታ ወደ እኔ ሳያዩ ነፋሱ በረታ አሉ። ደግሜ ሳልሁ። ባጃጁም ሳይበርደው አይቀርም አሉ አያ ደሴ። የሌለ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል።

ከዚያ መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጁ ወጣት ነው፣ ይጠብቃል» አሉ። «እኔ ግን ሌላ ዋንጫ የማይበት ዕድሜ የለኝም።»

ልቆጣ አስቤ አንጀቴን በሉት። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ማስታጠቢያ ይዘው ቆመዋል። የእኔም ልብ ግን ልብ ነው፤ ዘይነብ ዋንጫ አይደለችም፣ ለሚቀጥለው ዓመት አትተላለፍም። ልናገር አፌን ስከፍት ሦስቱም ዞረው ገቡ።

ያን ጊዜ ባጃጁ ውስጥ ያሰብሁትን ሁሉ ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። ነድቼ ልሂድና ሽማግሌዎቹ በእግራቸው ይምጡ ብዬ አሰብሁ። ገብቼ ዋንጫውን ልስበረው ብዬ አሰብሁ። እንዲያው ኳስ የሚባል ነገር ባይፈጠር እኔ አሁን የሦስት ልጆች አባት ነበርሁ ብዬም አሰብሁ። ቤቱ ውስጥ ምንም አይሰማም። ቀጥሎ የብዙ ሰው ሳቅ ሰማሁ፤ በእኔ ይሁን በሌላ አላውቅም። በሩ ተከፈተ። መሪጌታ ፊት ሆነው ወጡ። ዋንጫውን እንደ ሕፃን ታቅፈዋል።

አልቋል አልሁ። ተሳፈሩ፣ ዋንጫው መሪጌታ ጭን ላይ ተቀመጠ፣ ነዳሁ። መንገዱ ደብዘዝ ብሎብኛል፤ አቧራ ነው እንዳልል አስፋልት ነው። አዘዞን ስንጠጋ መሪጌታ ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዋንጫውን ስንላቸው ሐጂ ፊታቸው ጠቆረ» አሉ፤ ለዋንጫው የሚያወሩ ነው የሚመስለው። «እኔም አፈርሁ። እናትህን ምን ብዬ አያታለሁ እያልሁ ሳስብ ልጅቷ ከጓዳ ወጣች።»

ፍሬን ያዝሁ። ምን አለች አልሁ።

«አባ፣ ዋንጫውን ይስጧቸው፤ ካልወሰዱት አይሄድም። እኔ ግን እግር አለኝ አለች።»

ባጃጁን መንገድ ዳር አቆምሁት። ሐጂስ ምን አሉ ስል አያ ደሴ ተቀበሉና፣ ሐጂማ በሳቅ ሞቱ፣ በቡድኔ ውስጥ እንዲህ የሚሮጥ ቢኖረኝ መች እሸነፍ ነበር ብለው ሰጥተናል አሉ፣ ዱዓም ተደረገ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎችም ተሳሳሙ አሉኝ። ታዲያ ይህን ሁሉ መንገድ ምነው ሳትነግሩኝ ብዬ ጮህሁባቸው፤ ሽማግሌ ላይ መጮኼ ነው።

አያ ደሴ በጣም ተገረሙ። «አልነበርህማ» አሉ።

ፀዳ ስንገባ ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ ይጠብቃል። መሪጌታ ዋንጫውን በባጃጁ መስኮት አውጥተው ከፍ ሲያደርጉት ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እልልታው ለዋንጫው ነበር። እኔ ግን እንባዬን እየጠረግሁ ለሠርጌ አድርጌ ተቀበልሁት፤ ማንም አልከለከለኝም።